ድንጋይ የተባለውን ተክል ለይቶ ያሳየ መምህር
የሩዶልፍ አማንዱስ ፊሊፒ የሕይወት ታሪክ (1808–1904)

በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ዛሬ የምናቀርብላችሁ የአንድ መምህር የሕይወት ታሪክ ነው። ስሙ በእኛ አገር እምብዛም አይነሣም። በደቡብ አሜሪካ በቺሊ ግን የተፈጥሮ ሳይንስ ነገር ሲነሣ ከፊት ከሚጠሩት ሰዎች አንዱ ነው። ይህ ሰው ሩዶልፍ አማንዱስ ፊሊፒ ይባላል። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

ይህን ሰው ለምን እንደመረጥነው ሳንናገር ብናልፍ ደግ አይሆንም። ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ጊዜ አንዱ ጓደኛችን ስለ ድንጋይ ዓይነቶች ሲያስተምር፣ ከጀማ ሸለቆ ወገን የመጣ አንድ ተማሪ ከኪሱ ነጣ ያለ ድንጋይ አውጥቶ አሳየው። ድንጋዩ ላይ የዛጎል መልክ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የልጁ ጥያቄ አጭር ነበር፤ ይህ ድንጋይ ነው ወይስ እንስሳ የሚል። ጓደኛችን የትምህርት ዝግጅቱን ቢያገላብጥ መልሱ የለም። ያው ድንጋይ ነው ብሎ ልጁን አስቀመጠው። ልጁም ድንጋዩን ወደ ኪሱ መልሶ ዝም አለ፤ በዚያ ክፍለ ጊዜ እጁን ዳግመኛ አላወጣም። ከኋላ ተቀምጠን አስተያየት እንጽፍ የነበርነውም ብንሆን መልሱን አናውቀውም ነበርና ጥፋቱ የሁላችንም ነው።

ፊሊፒ በዘመኑ የተነሣለት ጥያቄ የዚያን ልጅ ጥያቄ ይመስላል። ድንጋይ ነው፣ እንስሳ ነው ወይስ ተክል? እሱ ግን ጠያቂውን አላስቀመጠም። ታሪኩ እንዲህ ነው።

ከፔስታሎዚ እጅ የወጣ ልጅ

ፊሊፒ የተወለደው ሴፕቴምበር 14 ቀን 1808 ያን ጊዜ በርሊን አጠገብ በነበረችው በሻርሎተንቡርግ ነው። እናቱ ለልጆቿ ትምህርት እጅግ የምትጨነቅ ሴት ነበረች። በ1818 ሩዶልፍንና ታናሽ ወንድሙን በርንሃርድን ይዛ እስከ ስዊስ አገር ድረስ በመሄድ በኢቨርዶን ከተማ በሚገኘው በፔስታሎዚ ትምህርት ቤት አስገባቻቸው።

ፔስታሎዚን የማያውቅ በመካከላችን ያለ አይመስለንም። በትምህርት ታሪክ ክፍለ ጊዜ ስሙን ጽፈን፣ የተወለደበትን ዓመት አጥንተን፣ ለፈተና መልሰን የረሳነው ሰው ነው። እንግዲህ ትንሹ ፊሊፒ ያንን ሽማግሌ በዓይኑ አይቶታል፤ አራት ዓመትም በቤቱ ተምሯል። በዚያ ትምህርት ቤት ልጅ ቃሉን ከመሸምደዱ በፊት ነገሩን ራሱን ማየት ነበረበት። የጂኦግራፊ ትምህርት የሚጀመረው ከካርታ አልነበረም። ተማሪዎቹ ወደ አንድ ሸለቆ ይወሰዱና ወንዙን፣ ገደሉንና ሜዳውን ደኅና አድርገው ያያሉ። ሲመለሱ የሸክላ ጭቃ ተሸክመው መጥተው ያዩትን ሸለቆ በጠረጴዛ ላይ ይሠሩታል። ካርታው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብለን ብናስብ፣ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ለሚመደብ መምህር ጭቃም ሸለቆም አይቸግረውም።

ፊሊፒ በ1822 ወደ በርሊን ተመልሶ ትምህርቱን ቀጠለና በ1830 በሕክምና ተመረቀ። ይሁን እንጂ የመመረቂያ ጽሑፉ ስለ በሽታ አልነበረም፤ በበርሊን አካባቢ ስለሚገኙ የፌንጣ ወገኖች ነበር። ልቡ ከሐኪም ቤት ይልቅ ሜዳ ላይ እንደነበረ ከዚህ ይታወቃል።

የባሕር ዳር ድንጋይ ቆላና ደጋ

ወጣቱ ሐኪም ደረቱ ደካማ ነበረ። ስለዚህ አየሩ ወደሚስማማው ወደ ጣሊያን አገር ሄዶ ከ1830 እስከ 1832 ድረስ በኔፕልስና በሲሲሊ ደሴት ቆየ። ሌላው በሽተኛ ቁጭ ብሎ ፀሐይ ሲሞቅ እሱ ግን ከባሕሩ ዳር አይጠፋም። ዛጎል ይለቅማል፣ ይለያል፣ ይመዘግባል። በባሕሩ ውስጥ የሚኖሩትን ባለ ዛጎል እንስሳት በሲሲሊ ተራራ ድንጋይ ውስጥ ተቀብረው ከሚገኙት ጋር ያስተያያል። ከዚህ ሥራ የተገኘው ስለ ሲሲሊ ባለ ዛጎል እንስሳት የሚናገረው መጽሐፉ የመጀመሪያው ክፍል በ1836፣ ሁለተኛው በ1844 ታትሟል።

ባሕር አይተን ለማናውቅ ሰዎች እዚህ ላይ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። እኛ ከጀማ ወንዝ ተነሥተን ወደ መንዝ ስንወጣ ማሽላው በጤፍ፣ ጤፉ በገብስ፣ ገብሱ ደግሞ በጓሳ ሣር ይተካል። የባሕር ዳር ድንጋይም እንዲሁ ነው። በጥቂት ክንድ ከፍታ ውስጥ የራሱ ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ አለው። ከላይ ያለው ድንጋይ የማዕበሉ ፍንጣቂ ብቻ ስለሚደርሰው ደረቅ ነው፤ ፀሐይና ጨው የሚችል ካልሆነ በቀር አይኖርበትም። ዝቅ ሲል ባሕሩ ሲሞላ የሚሸፈን፣ ሲጎድል የሚራቆት ወገን ይገኛል። ከዚያ በታች ያለው ደግሞ ውኃ ፈጽሞ የማይለየው ነው።

በዚህ በታችኛው ወገን፣ ከባሕሩ ጉድለት መስመር አጠገብ ጀምሮ ወደ ታች፣ ድንጋዩ ቀለም የፈሰሰበት ይመስላል። ሮዝ፣ ቀላ ያለ ወይም ወይን ጠጅ ቅርፊት ለብሷል። በመንዝ ጥቁር ድንጋይ ላይ ተለጥፎ የምናየውን የድንጋይ ሽበት ያስታውሳል። ልዩነቱ ጥንካሬው ነው፤ የባሕሩ ቅርፊት በጥፍር ቢፋቅ አይነሣም፣ በመዶሻ ሲመታም እንደ ድንጋይ ይሰበራል። አንዳንዱ ወገን ደግሞ ቅርፊት መሆኑ ቀርቶ እንደ ትንሽ ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ ያወጣል። ቅርንጫፎቹ ጠንካራ ቢሆኑም በየመሀሉ ለስላሳ መጋጠሚያ ስላላቸው ማዕበል ሲመታቸው ይተጣጠፋሉ እንጂ አይሰበሩም።

ይህ ፍጥረት ማዕበል የሚበረታበትን ድንጋይ አይፈራም። በድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ በቀረ የባሕር ውኃ፣ በዋሻ ጥላና በትልልቅ የባሕር ተክሎች ሥርም ይበቅላል። የማይችለው በፀሐይ መድረቅን ነው። ባሕሩ ከመጠን በላይ ሲጎድልና ፀሐይ ሲያገኘው ቀለሙ ይጠፋና እንደ ኖራ ይነጣል። በላዩ ላይ ባለ ዛጎል እንስሳትና የባሕር ጃርቶች እየተሳቡ ሲግጡ ይውላሉ። ሰው ሲያየው የሚጎዱት ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ቶሎ የሚያድጉትን ለስላሳ አረሞች እየጋጡ ስለሚያነሡለት ብርሃን ያገኛል። ገበሬ ማሳውን እንደሚያርመው ማለት ነው።

ሊቃውንቱ የተሳሳቱበት ነገር

ታዲያ ይህ ነገር ምንድን ነው? በፊሊፒ ዘመን መልሱ አንድ አልነበረም። ክርክሩ የቆየ ነው። በጥንት ጊዜ ኮራል የሚባለው፣ ከባሕር የሚወጣው ቅርንጫፍ መሳይ ድንጋይ ተክል ነው ይባል ነበር። በ18ኛው መቶ ዓመት ፔይሶኔል የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ኮራል በእውነት የትናንሽ እንስሳት ሥራ መሆኑን አስተዋለ። ይህ ትልቅ ግኝት ነበር። ነገር ግን ግኝቱ ሌላ ስሕተት አስከተለ። ኮራል እንስሳ ከሆነ፣ ከባሕር የሚወጣ ድንጋይ መሳይ ነገር ሁሉ እንስሳ መሆን አለበት ተባለ። ጆን ኤሊስ የተባለው እንግሊዛዊ ነጋዴና ተመራማሪ በ1755 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሐሳብ ደገፈ፤ ታላቁ ሊኒየስም ከእንስሳት ጎራ መደባቸው። በኋላም ላማርክ ቅርፊት መሳዮቹን ኑሊፖራ ብሎ ጠራቸው፤ ቀዳዳ የለሽ ለማለት ነው። እንዲህ ያላቸው የኮራል እንስሳት የሚወጡበትና የሚገቡበት ትንንሽ ቀዳዳ ስላላገኘባቸው ነው። ቀዳዳ ባይኖራቸውም ግን ከእንስሳቱ መዝገብ አልወጡም። እርግጥ እንደ ፓላስ ያሉ ጥቂት ሊቃውንት ከዚህ ወገን አንዳንዶቹ ተክል ሳይሆኑ አይቀሩም ብለው ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ሰሚ አላገኙም።

እዚህ ላይ የእኛን አካባቢ የሚነካ አንድ ታሪክ እናንሣ። ከ1820 እስከ 1825 ድረስ ኤረንበርግና ሄምፕሪክ የተባሉ ሁለት ወጣት ጀርመናውያን ሐኪሞች በግብፅና በቀይ ባሕር ዳርቻ ተዘዋውረው እንስሳትና ዕፀዋት ሰብስበዋል። ሐሳባቸው ወደ ሐበሻ ደጋ ለመዝለቅ ነበር። ይሁንና ሄምፕሪክ በ1825 ምጽዋ ላይ ታሞ ሞተ። ኤረንበርግ ጓደኛውን ቀብሮ ተመለሰና በ1834 ስለ ቀይ ባሕር ኮራሎች የሚናገር ጽሑፍ አሳተመ። የኮራል ነገር በጀርመን ሊቃውንት ዘንድ ትልቅ መነጋገሪያ የነበረው በዚህ ጊዜ ነው። ፊሊፒ ጥያቄውን ያነሣውም ከዚህ ጥቂት ዓመት በኋላ ነው።

በ1835 ፊሊፒ በካሰል ከተማ በሚገኝ የሙያ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የተፈጥሮ ታሪክ መምህር ሆኖ ተቀጠረ። ትምህርት ቤቱ ዩኒቨርሲቲ አልነበረም፤ መምህራኑ ግን የዋዛ አልነበሩም። ኬሚስቱ ቬለር እዚያ አስተምሯል፤ እሱ በ1836 ሲለቅ የተተካው ቡንሰን ነበር። በቤተ ሙከራ በስሙ የሚጠራውን ማንደጃ የምናውቀው ያው ቡንሰን ማለት ነው።

ፊሊፒ በ1837 በአንድ የተፈጥሮ ታሪክ መጽሔት ላይ ሰባት ገጽ ያህል የምትሆን ጽሑፍ ከሥዕል ጋር አወጣ። አርእስቷ ራሱ ዳር ዳር አይልም፤ ኑሊፖራዎች ተክል ለመሆናቸው ማስረጃ የሚል ነው። በዚችው ጽሑፍ ለሁለት ወገኖች ስም አወጣላቸው። አንዱን ሊቶታምኒዮን አለው፤ የድንጋይ ቁጥቋጦ ማለት ነው። ሁለተኛውን ሊቶፊሉም አለው፤ የድንጋይ ቅጠል ማለት ነው። ሁለቱም ስሞች እስከ ዛሬ ድረስ በሳይንስ ይሠራባቸዋል። ሊኒየስን ያህል ሰው ከእንስሳት የመደበውን ነገር የሃያ ዘጠኝ ዓመት የትምህርት ቤት መምህር ከቦታው አነሣው ማለት ነው። ያነሣውም ስለ ደፈረ ብቻ አይደለም። በዓመታት ውስጥ ዛጎል ሲለቅም ነገሩን ደጋግሞ በእጁ ስለያዘውና ስላየው ነው።

የነገሩ ምሥጢር ዛሬ በደንብ ታውቋል። እነዚህ ፍጥረቶች አልጌዎች ናቸው፤ በምንጭና በወንዝ ድንጋይ ላይ እግራችንን የሚያንሸራትተው አረንጓዴ ነገር የሩቅ ዘመዳቸው ነው። ቀይ አልጌ ከሚባለው ወገን ሆነው በየሕዋሳቸው ግድግዳ ውስጥ የኖራ ድንጋይ ማዕድን ያስቀምጣሉ። ቅርፊቱን ቀስ ብሎ በሚሠራ አሲድ ውስጥ ቢያቆዩት ኖራው ይሟሟና ለስላሳው የተክል አካል ይቀራል። የዕንቁላል ቅርፊት በአቼቶ ውስጥ አድሮ ስሱ ሽፋን ብቻ እንደሚቀር ያለ ነው። ቀዩ ቀለማቸው ደግሞ ለጌጥ አይደለም። ወደ ጥልቅ ባሕር የሚዘልቀው ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃን ነው፤ ቀዩ ቀለም ይህን ብርሃን ተቀብሎ ለምግብ ማዘጋጀት ያውለዋል። ስለዚህ ሌላ ተክል የማይደርስበት ጥልቀት ላይ ይኖራሉ። በ1984 በባሃማስ ደሴቶች አጠገብ 268 ሜትር ጥልቀት ላይ ከድንጋይ ጋር ተጣብቀው ሲኖሩ ተገኝተዋል።

ሥራውን የለቀቀበት ምክንያት

የፊሊፒ ኑሮ ከዚህ በኋላ ቀና ሆነ ማለት አይደለም። ደረቱ እንደገና ስለ ታመመ ከ1838 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል ወደ ጣሊያን ለመመለስ ተገደደ። ተሽሎት ሲመጣ ማስተማሩን ቀጠለና ውሎ አድሮ የዚያው ትምህርት ቤት ዲሬክተር ሆነ።

በ1850 ግን የሄሰን ግዛት ገዥ የአገሩን ሕገ መንግሥት ወደ ጎን አደረገ። ብዙ ሹማምንትና መኮንኖች በዚህ ሥራ አንተባበርም ብለው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ፊሊፒም በፖለቲካ አቋሙ ምክንያት ወንበሩን ለቀቀ። ዕድሜው ከአርባ አልፏል፣ ደረቱ ጤነኛ አይደለም፣ ባለቤትና ልጆች አሉት። የያዘውን ዲሬክተርነት አጥብቆ ቢቀመጥ ማን ይወቅሰው ነበር? እሱ ግን አገር ለቆ በመርከብ ተሳፈረና በ1851 መጨረሻ ቺሊ ገባ። ቤተሰቡ ቆይቶ ነው የተከተለው።

ወደ ቺሊ የሳበው ታናሽ ወንድሙ በርንሃርድ ነበር። በርንሃርድ ጀርመናውያን በደቡብ ቺሊ እንዲሰፍሩ ብዙ የደከመ ሰው ነው። ነገር ግን የወንድማማቾቹ ደስታ አልሰነበተም። በርንሃርድ በአገሩ ደቡባዊ ጫፍ በማጄላን ሰርጥ አካባቢ ገዥ ሆኖ እንደ ተሾመ በ1852 ተገደለ። በኢቨርዶን አብረው ጭቃ ካቦኩት ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ቀረ።

ፊሊፒ በ1853 ለጥቂት ጊዜ በቫልዲቪያ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኃላፊ ከሆነ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ወደ ዋና ከተማው ወደ ሳንቲያጎ ተጠርቶ የብሔራዊ ሙዚየም ዲሬክተርና በዩኒቨርሲቲው የተፈጥሮ ታሪክ መምህር ሆነ። ገና ወንበሩ ሳይሞቅ መንግሥት የአታካማን በረሃ እንዲያጠና ላከው። አታካማ በዓለም ላይ ደረቅ ከሚባሉት በረሃዎች ዋናው ነው፤ ዝናብ ለዓመታት የማያይ ስፍራ አለው። በወጣትነቱ ሐኪሞች ሞቃት አገር ሂድ ያሉት ሰው ያን በረሃ በበቅሎና በእግር ተጉዞ መሬቱን፣ ድንጋዩን፣ ዕፀዋቱንና እንስሳቱን መዝግቦ ተመለሰ። የጉዞው መጽሐፍ በ1860 ታተመ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን የመሰብሰብና የማስተማር ዘመን ነው። ሙዚየሙን ከአርባ ዓመት በላይ መራ፣ የሳንቲያጎን የዕፀዋት አትክልት ቦታ አቋቋመ፣ ለቺሊ ተማሪዎች የተፈጥሮ ታሪክ መማሪያ መጽሐፍ ጻፈ። በሺህ ለሚቆጠሩ የቺሊ ዕፀዋት ስም ሰጥቷል። እዚህ ላይ ግን እውነቱን መሸሸግ የለብንም። በኋላ የመጡ ሊቃውንት ሲመረምሩ ብዙዎቹ አዲስ ያላቸው ዕፀዋት ቀድሞ የታወቁ ሆነው ተገኝተዋል፤ አንዳንዱም አንድ ዓይነት ተክል ሆኖ ሳለ ሁለት ሦስት ስም የተሰጠው ነው። ሊኒየስን ያረመው ሰው እሱም በተራው ታርሟል። ሳይንስ ማለት ይኸው ነው፤ የማይታረም ሊቅ የለም።

በ1897 በሰማንያ ስምንት ዓመቱ ሥራውን ሲለቅ ሙዚየሙን የተረከበው ልጁ ፌዴሪኮ ነበር። ፊሊፒ ጁላይ 23 ቀን 1904 በዘጠና አምስት ዓመቱ በሳንቲያጎ ዐረፈ። ደረቱ ደካማ ነው የተባለው ልጅ ይህን ያህል ኖረ።

ለካ ብዙ ሥራ አለው

ፊሊፒ ተክል መሆናቸውን ያስረዳላቸው እነዚያ ቅርፊቶች ለባሕሩ ምን እንደሚጠቅሙ በደንብ የታወቀው ከእሱ በኋላ ነው። በሞቃት ባሕሮች ኮራል የሚሠራውን የድንጋይ ግንብ እንደ ሲሚንቶ የሚያያይዙት እነሱ ናቸው። በፓሲፊክና በሕንድ ውቅያኖስ ብዙ ደሴቶች ማዕበሉ በሚመታበት የውጭ ጠርዝ ላይ ግንቡን የሚጠብቁት እነሱ ናቸው፤ ኮራል ራሱ ያንን ምት አይችለውም። በቀይ ባሕርም በኮራል ድንጋይ ላይ ይገኛሉ። ለምግብ የሚፈለጉ አንዳንድ ባለ ዛጎል እንስሳት ልጆቻቸው በባሕር ውስጥ ሲንሳፈፉ ቆይተው የት እንደሚያርፉ የሚያውቁት የዚህን ቅርፊት ጠረን ተከትለው ነው።

ገበሬም ያውቃቸዋል። በፈረንሳይ በብሪታኒ፣ እንዲሁም በአየርላንድና በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ከባሕር ወለል እየወጡ ተፈጭተው አሲድ የበዛበትን እርሻ ለማከም ለብዙ ዘመን አገልግለዋል። በእኛም አገር በዝናባማው ደጋ አፈሩ አሲዳማ በሆነበት ቦታ ገበሬው የተፈጨ የኖራ ድንጋይ እንዲጨምርበት ይመከራል፤ የሥራው መሠረት አንድ ነው። ነገር ግን እነዚህ አልጌዎች የሚያድጉት እጅግ በዝግታ ነው። ብዙዎቹ በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ነው የሚጨምሩት። ስለዚህ በጥቂት ቀን የተዛቀውን ባሕር በብዙ መቶ ዓመትም አይመልሰውም፤ በብዙ ቦታም ማውጣቱ ተከልክሏል ወይም ተወስኗል። ሌላም አደጋ አለባቸው። ከነዳጅና ከድንጋይ ከሰል የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በባሕር ውኃ ሲሟሟ ውኃውን ወደ አሲድነት ያዘነብለዋል። የእነሱ ኖራ ማግኒዝየም ስለሚበዛበት ከሌላው ቀድሞ የሚሟሟ ዓይነት ነው።

ለእኛስ ምናችን ነው?

አንባቢ እዚህ ላይ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ኢትዮጵያ ከ1993 ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ እኛም ያለነው ከባሕር ወለል ሦስት ሺህ ሜትር ያህል ከፍ ባለ ደጋ ላይ ነው።

መልሱ ከእግራችን በታች ነው። የመንዝ ጥቁር ድንጋይ ከሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰ ነው። ከለሚ ወደ ጀማ ወንዝ ወርዶ ወደ ዓለም ከተማ የወጣ ሰው ግን ቁልቁል ሲወርድ ጥቁሩ ድንጋይ አልቆ የአሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያም ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ እንደሚመጣ ያስታውሳል። ይህ የኖራ ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የባሕር ወለል ነው። ያን ጊዜ አገሩ በባሕር ተሸፍኖ ነበር። በውስጡ የሚገኙት ዛጎሎች የዚያ ባሕር ነዋሪዎች ናቸው። የፊሊፒ አልጌዎች የዛሬ መልካቸውን ይዘው የተስፋፉት ከዚያ ዘመን በኋላ ስለሆነ እነሱን እዚያ እንፈልግ አንልም። ሥራው ግን አንድ ነው፤ ሕይወት ያለው ነገር ከውኃ ውስጥ ኖራ እየወሰደ ድንጋይ ይሠራል።

እንግዲህ ያ ልጅ ለጠየቀው ጥያቄ መልሱ ይህ ነበር። አሁን ድንጋይ ነው፤ ያን ጊዜ ግን የእንስሳ ቤት ነበር። ሁለቱም ትክክል ነው። ጓደኛችን ድንጋይ ነው ሲል ሐሰት አልተናገረም፤ የጥያቄውን ግማሽ ጥሎ ልጁን አስቀመጠው እንጂ።

በልምምዱ የመጨረሻ ሳምንት ጓደኛችን በትንሽ ጠርሙስ አቼቶ ይዞ ገባ። ልጁ ድንጋዩን እንዲያመጣ ጠየቀውና ከጠርዙ ጥቂት በምስማር ፍቆ ዱቄቱ ላይ አቼቶ ጠብ አደረገበት። ዱቄቱ አረፋ አወጣ። ከግቢው የተነሣ ጥቁር ድንጋይ እንዲሁ ተፍቆ ሲሞከር ምንም አልሆነም። ከዚያ ጓደኛችን የባለፈው መልሱ ጎዶሎ እንደነበረ ለክፍሉ በግልጽ ተናገረ። እውነቱን ለመናገር እኛ ከኋላ ሆነን ልጆቹ ይስቁበታል ብለን ፈርተን ነበር። የሳቀ አልነበረም። ወዲያው ስድስት ሰባት እጅ ወጣ፤ ባሕሩ ከየት መጣ፣ ወዴትስ ሄደ፣ ውኃው መንዝ ድረስ ደርሷል ወይ የሚሉ ጥያቄዎች ዘነቡ። ደወሉ ተደውሎ እንኳ አላለቀም። ያ ልጅ ድንጋዩን ለክፍሉ ሰጥቶ በመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀመጠ።

በዚህ ዓመት ተመርቀን የምንወጣ ሁሉ ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት ሊደርሰን ይችላል። ፊሊፒ ሥራውን የጀመረው በዓይኑ፣ በእጁና በትዕግሥቱ ነው፤ አንድ ጠርሙስ አቼቶና የጀማ ድንጋይ ደግሞ ከማናችንም አቅም በላይ አይደለም። የጂኦግራፊና የሳይንስ መምህሮቻችን ለተማሪዎቹ ጥያቄ፣ ይኸውም ባሕሩ ከየት መጥቶ ወዴት እንደ ሄደ፣ በሚቀጥለው እትም እንዲጽፉልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ከየአገራችሁ ዛጎል ያለበት ድንጋይ የምታመጡ ጓደኞቻችንም የተገኘበትን ቀበሌና የወንዙን ስም በወረቀት ጽፋችሁ ከድንጋዩ ጋር አያይዙልን። ስም የሌለው ድንጋይ ዝም ያለ ድንጋይ ነውና።